ሽማግሌም ይላክ፣ ወረቀትም ይያዝ
የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን መማር ለማኅበራችን ምን ይሰጣል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማታ ተማሪ አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ እዚህ የቆምነው በማኅበሩ የትምህርት ድጋፍ ዩኒቨርሲቲ ገብተን በማታው ክፍለ ጊዜ የምንማር አባላት ነን። ንግግሩን የምታነበው አንዷ ብትሆንም የጻፍነው በጋራ ነው። ከመካከላችን በሕግ ትምህርት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን የምንማር አለን፤ በሥራ አመራር ትምህርት ክፍል የሰው ሀብት አስተዳደርና የኢንዱስትሪ ግንኙነት የምንማርም አለን። ቀን ግን ሁላችንም ሥራ ላይ ነን፤ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤት፣ ቢሮ ጽዳት፣ ሱቅ።

ባለፈው ስብሰባችን ከእናቶቻችን አንዷ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ ለዚህ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ የስፌት መኪና ቢገዛበት አይሻልም ነበር? መኪናው በማግሥቱ እንጀራ ያበላል፤ ይህ ትምህርት መቼ ነው የሚያበላው?» ከደጋፊዎቻችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሶናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሁላችንም ነው፤ ከወር መዋጯችን የተጠራቀመም አለበት። ስለዚህ ዛሬ መልሳችንን ይዘን ቀርበናል፤ መጨረሻ ላይም እናንተ የምትወስኑባቸው ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንናገር። የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ትምህርት የሚነሣው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ቀጣሪና ተቀጣሪ ውል ሲዋዋሉ በአቅም እኩል አይደሉም ከሚለው። አሠሪው አንዲት ሠራተኛ ብትቀርበት ሌላ ይቀጥራል። እሷ ግን ሥራው ከቀረባት የወሩ የቤት ኪራይ ይቀርባታል፤ የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀርባታል። እንግዲህ ይህን ልዩነት ለማጥበብ ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ሕግ ነው፤ ማንም ከዚህ በታች አይዋዋል ብሎ ወለል ያበጃል። ሁለተኛው ሠራተኞች ተደራጅተው በአንድ ድምፅ መደራደራቸው ነው። ሦስተኛው አለመግባባት ሲመጣ ጉዳዩን የሚያይ አካል ነው፤ አስማሚ፣ ቦርድ፣ ፍርድ ቤት። በክፍል ውስጥ የምንማረው የእነዚህን የሦስቱን አሠራር ነው።

ይህ ትምህርት የወንዶች ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ እኅቶቻችን አንድ ነገር እንንገራችሁ። «የኅብረት ድርድር» የምንለውን ቃል በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ በመጠቀም ቀዳሚ የምትባለው ሴት ናት። ስሟ ቢያትሪስ ፖተር ይባላል፤ ካገባች በኋላ ቢያትሪስ ዌብ ተብላ ታውቃለች። ቃሉን የተጠቀመችበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣ ሲሆን የሚናገረው ስለ ብሪታንያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። እንግዲህ ይህ የትምህርት ዘርፍ ከመነሻው እንደ እኛ ካሉ ማኅበራት ጋር ዝምድና አለው ማለት ነው።

ሌላዋ አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ናት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ ከተማ ትራያንግል የተባለው የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የመውጫ በር ተቆልፎባቸው ስለነበር ብዙዎቹ ከላይኛው ፎቅ በመስኮት ዘለሉ። ፐርኪንስ በአካባቢው ነበረችና ሮጣ ደርሳ በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎችን ሲመረምር በነበረው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ሥራ ተሳተፈች። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1945 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና ሠራች፤ በዚያ አገር ካቢኔ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በእርጅናዋ ደግሞ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪና የሠራተኛ ግንኙነት ትምህርት ቤት አስተማረች። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስንሰማ የልብስ ስፌት ሠራተኛ የሆኑት ጓደኞቻችን በማግሥቱ መጀመሪያ ያደረጉት የሚሠሩበትን ቤት የመውጫ በር ማየት ነበር።

የእኛም አገር ታሪክ አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ገና ሕግ ሳይኖር መረዳጃ እያቋቋሙ ይሰባሰቡ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። የሠራተኛውን ጉዳይ የሚመለከተው ሕግም በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች እየተለወጠ መጣ። ዛሬ የምንማረው የመጨረሻውን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። ልብ በሉ፤ ከሕጉ በፊት መረዳጃው ነበረ። መጀመሪያ ሰዎች ለኀዘንና ለችግር ተሰባሰቡ፤ መሰባሰቡን ከለመዱ በኋላ ስለ ደመወዝ መነጋገር ጀመሩ።

ስለዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ባዶ እጃችንን አልገባንም። መምህሩ ስለ ኅብረት ስምምነት ሲያስረዳ እኛ እድራችንን እናስብ ነበር። የእድር መተዳደሪያ ደንብ አለን፤ ፈርመንበታል፤ ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ ያልመጣች ምን እንደምትቀጣ፣ ማን እንደሚዳኝ ተጽፏል። እቁባችንም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣላት ዋስ ሳትጠራ ገንዘቡን አትወስድም። የኅብረት ስምምነትም እንዲሁ ነው፤ በጋራ ተነጋግሮ በጋራ የሚፈርሙት ደንብ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። በእድር ሁላችንም አባል ነን፤ በመሥሪያ ቤት ግን አንደኛው ወገን ደመወዝ ከፋይ ነው። እኛ ሴቶች የደንብ ሰዎች ነን። በእድሩ ደብተር አሥር ብር ብትጎድል የምንጠይቅ ሰዎች በመሥሪያ ቤት ግን የወር ደመወዛችን ሲጎድል ዝም እንላለን። ትምህርቱ የጠየቀን ይህን ነው፦ በእድር የምታደርጉትን በሥራ ቦታ ለምን አታደርጉትም?

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። አዋጁ ለሠራተኛ ከሚሰጠው ውስጥ ለእኛ ለሴቶች ቅርብ የሆኑትን እንናገራለን፤ እባካችሁ ያዙልን።

የመደበኛ ሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የሥራ ውል በቃል ቢሆንም ውል ነው፤ ነገር ግን አሠሪው ሥራው በተጀመረ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛዋ መስጠት አለበት። ካልሰጠም መብቷ አይቀርም። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለነፍሰ ጡር ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር አላት። ነፍሰ ጡርን የትርፍ ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራትም፣ ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ጥቂት ምክንያቶች በስተቀር፣ አሠሪው ሊያሰናብታት አይችልም። ጾታዊ ትንኮሳና ጾታዊ ጥቃትም በአዋጁ በግልጽ የተከለከሉ ናቸው።

የትርፍ ሰዓት ክፍያውን በቁጥር እንየው። አንዲት ሠራተኛ በወር 4,160 ብር ታገኛለች እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 4,160 ለ208 ሲካፈል የሰዓቷ ዋጋ 20 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ከሠራች በ1.5 ይባዛል፤ 30 ብር ማለት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ይባዛል፤ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀኗ ከሆነ እጥፍ፣ 40 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5፣ 50 ብር።

ይህች ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብታመሽ በአራት ሳምንት 40 ሰዓት ይሆናል። በ30 ብር ሲሰላ 1,200 ብር ነው። «ትርፍ ሰዓትሽን ከፍያለሁ» ብሎ በመደበኛው 20 ብር ቢያስብላት የሚደርሳት 800 ብር ነው። በወር 400 ብር ቀረባት። በስድስት ወር 2,400 ብር። ይህ ሒሳብ አምስተኛ ክፍል የተማረች ልጅ የምትሠራው ሒሳብ ነው። የሚቸግረው ማባዛቱ ሳይሆን በ1.5 መባዛት እንዳለበት ማወቁና ያመሸሽበትን ሰዓት መመዝገቡ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ ስሟን አንጠራም፤ የልጇን የትምህርት ቤት ደብተር ወስዳ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በየቀኑ ትጽፍ ነበር። ከአሠሪዋ ጋር ስትነጋገር ደብተሩን ይዛ ቀረበች። ክስ ሳያስፈልግ ልዩነቱ ተከፈላት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እውነት ነው።

አሁን ደግሞ ይህ ትምህርት ባይኖረን ኖሮ የማናውቀውን፣ ብዙዎቻችንንም ያስከፈለንን ነገር እንንገራችሁ። ሕጉ «ይርጋ» የሚለው ነገር አለ። ይርጋ ማለት መብትን ለመጠየቅ የተወሰነ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ተከሳሹ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ሲከራከር መብቱ ሳይታይ ይቀራል። «ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ጥያቄ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉ ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር። የተለየ ጊዜ ላልተቀመጠለት ሌላ ጥያቄ አንድ ዓመት።

ሦስት ወር ብዙ ይመስላል። ግን የእኛን አኗኗር አስቡት። አንዲት እኅታችን በአንድ ዳቦ ቤት ለዓመታት ሠርታለች። ነፍሰ ጡር መሆኗ ሲታወቅ «በቃሽ» ተባለች። ምን አደረገች? ማናችንም እንደምናደርገው አደረገች። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ቤቷ ሆና አለቀሰች። ከዚያ «ይቅር ይበለኝ፣ ይመልሰኛል» ብላ ጠበቀች። ከዚያ የሰፈር ሽማግሌዎች ለመነች። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ባለቤቱ በአክብሮት ተቀበላቸው፤ «በዓሉ ይለፍ፣ እናስብበታለን» አላቸው። በዓሉ አለፈ። ዳግመኛ ሄዱ፤ «ወንድሜ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ» አላቸው። እሷም ሽማግሌ ልኮ ክስ ማቅረብ ነውር ነው ብላ፣ የላከቻቸውን አባቶችም ላለማሳፈር ዝም አለች። ወደ ማኅበራችን ስትመጣ አራተኛው ወር ገብቶ ነበር። መብቷ በሕጉ ላይ ጥርት ብሎ ተጽፎ እያለ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄዋ ጊዜ አልፎበታል።

እኛ ሽምግልናን አንነቅፍም። ሽምግልና የብዙ ቤቶችን ሰላም ያቆመ፣ ፍርድ ቤት ያልቻለውን የቻለ ባህላችን ነው። ይሉኝታም ከጨዋነት የሚመጣ ነው። ይርጋ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ቡና ሲጠጡም ቀኑ ይቆጠራል። ታዲያ ምን ይሻላል? መፍትሔው እዚያው ሕጉ ውስጥ አለ። አሠሪው የሠራተኛዋን መብት በጽሑፍ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል። ለሥራ ክርክር ጉዳይ ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ሲቀርብም ይቋረጣል። ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው፦ ሽማግሌ ይላክ፤ ግን ወረቀት ይዞ ይሂድ። «እናስብበታለን» ያለ ሰው «እንዲህ ያለ ክፍያ እንዳለብኝ አምናለሁ» ብሎ ይፈርም። ካልፈረመ ሽምግልናው እየቀጠለ አቤቱታውም ይግባ። አቤቱታ ማስገባት ሽማግሌን መናቅ አይደለም። ዕርቅ ከወረደ አቤቱታው ይነሣል፤ ይርጋ ያለፈበትን ቀን ግን ማንም አይመልሰውም።

የስፌት መኪናውን ጥያቄ የምንመልሰው እዚህ ላይ ነው። ያቺ እኅታችን ያጣችው ደመወዝና ሊከፈላት ይችል የነበረው የወሊድ ፈቃድ ከአንድ የስፌት መኪና ዋጋ ጋር ቢነጻጸር ጥያቄው ራሱ መልሱን ይሰጣል። በሦስት ወሩ ውስጥ አንድ የምታውቅ ሰው አጠገቧ ብትኖር ይበቃ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የሕግ ዕውቀትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዷ አባል አዋጁን አንብባ ትጨርስ ማለት ሸክም ነው፤ ጥቂቶች ተምረው ለሁሉም ሲያካፍሉ ግን ለማኅበሩ ጌጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲው የማይሰጠንንም መናገር አለብን። የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ትልልቅ ድርጅቶች ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ስላለው ፋብሪካ፣ የሰው ሀብት ክፍል ስላለው መሥሪያ ቤት። የእኛ አባላት ግን የሚሠሩት የት ነው? አራት ሠራተኛ ባለው ሻይ ቤት ነው። በአዋጁ በአንድ ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል። በሕንፃ ግንባታ በቀን ሥራ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚያመላልሱ አባላት አሉን፤ ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ። ጉሊት የሚቸረችሩ አሉን፤ አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ናቸው። የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይም አለ። አዋጁ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም አዋጁ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ወለሉ ሳይወሰን ቆይቷል። ስለዚህ ሕጉ በማይደርስበት ቦታ እንደ እኛ ያለ ማኅበር ካልደረሰ ማንም አይደርስም። ትምህርቱን ከክፍል ወደ ሰፈር የማምጣት ሥራ የመምህሮቻችን ሳይሆን የእኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ደረስን። ሕጉ ካልደረሰባቸው ቦታዎች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው የገዛ ቤታችን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ቅጥርን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። የቤት ሠራተኞች ማለት ነው። የእነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል፤ ደንቡ ግን አዋጁን ተከትሎ አልወጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኞች ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ እኛ ዛሬ እንደ ሥራ ሰዓት፣ እንደ ዕረፍት ቀን የምንላቸውን በዝርዝር አይሸፍኑም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ስምምነት ቁጥር 189ን ሲያወጣ የተነሣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በብዙ አገሮች የቤት ውስጥ ሥራ እንደ ሥራ ሳይቆጠር መቅረቱ ነው።

እኅቶቻችን፣ ይህ ጉዳይ በሁለት በኩል የእኛ ነው። በአንድ በኩል ብዙዎቻችን በቤት ሠራተኝነት ኖረናል፤ እዚሁ ከተማ የሠራን አለን፣ በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ ሠርተን የተመለስን አለን። በሌላ በኩል ዛሬ ቀን ሠርተን ማታ የምንማረው ቤት ውስጥ ልጅ የምትይዝልን፣ እራት የምታበስልልን አንዲት ልጅ ስላለች ነው። ለእኛ የማታ ትምህርት የእሷ የማታ ሥራ ነው። ልጃችንን ወደ ዐረብ አገር ስንልክ ምን እንጠይቃለን? የተጻፈ ውል አላት ወይ? የዕረፍት ቀን ይሰጣታል ወይ? ደመወዟን በጊዜው ታገኛለች ወይ? ስልኳንና ፓስፖርቷን ማን ይይዘዋል? ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው የአገራችን ሕግም የተጻፈና የጸደቀ ውል ይጠይቃል። ለልጃችን በሪያድ የምንጠይቀው ከገጠር መጥታ በእኛ ቤት ለምትሠራው ልጅም ይገባታል። እሷም የአንዲት እናት ልጅ ናት፤ እናቷም በአገሯ ሆና እነዚያኑ ጥያቄዎች ትጠይቃለች።

ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። እድራችንን ማንም ሕግ ሳያዘን ደንብ ጽፈንለታል። በዚህም ክፍል ከተማርነው ተነሥተን አንድ ገጽ የቤት ሥራ ስምምነት አዘጋጅተናል። ቃሉ ቀላል ነው፤ ማንበብ ለማትችልም ይነበብላታል፣ ምስክር ባለበት ትፈርማለች። የያዘውም ይህን ነው፦ የወር ደመወዟ ስንት እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደሚከፈላት፤ ገንዘቡ በእጇ ወይም በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዳላት፤ የምትተኛበት ቦታ ከውስጥ የሚዘጋ እንዲሆን፤ መማር ከፈለገች የትምህርት ሰዓቷ እንዲጠበቅላት፤ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፤ ለመለያየት ሲፈለግ በሁለቱም በኩል ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር፤ አለመግባባት ቢመጣ ማን እንደሚሸመግል። ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ እንዳትቀጠርም በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፈናል፤ አዋጁ ለሚሸፍነው ቅጥር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ ይህ ስለሆነ።

አንዳንዶቻችሁ «ከዘመድ ቤት የመጣች ናት፣ እንደ ልጄ ነው የማያት፣ ውል ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ይህ ቃል ከፍቅር የሚነገር ቃል ነው። ነገር ግን እንደ ልጃችን የምናያት ከሆነ መጻፉ ምንም አያጎድልብንም። አሠሪ ለሆነችውም ጥበቃ ነው፤ ነገ «አልተከፈለኝም» የሚል ነገር ቢመጣ ፊርማው አለ። ደግሞም ለራሳችን አሠሪ «ውሌን በ15 ቀን ውስጥ ጽፈህ ስጠኝ» የምንል ሴቶች ይህንኑ በቤታችን ስናደርግ ጥያቄያችን ክብደት ይኖረዋል።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንናገር። ለትምህርት ድጋፍ ስታደርጉ ብዙውን ጊዜ የምታስቡት የኮርስ ክፍያውን ነው፤ ለዚያም እናመሰግናለን። አንዲትን የማታ ተማሪ ከትምህርት የሚያስቀራት ግን ብዙ ጊዜ የኮርስ ክፍያ አይደለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የምትሳፈርበት ታክሲ ማጣት ነው። ታክሲው ሲገኝም ዋጋው ከቀኑ በላይ መሆኑ ነው፤ ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቷ ያለው ጨለማ መንገድ ነው። የፈተና ሳምንት የሚታመም ልጅ ነው። አሠሪዋ ሆን ብሎ በፈተናዋ ቀን «ዛሬ ታመሻለሽ» ማለቱ ነው። የተመዘገቡ ሁሉ የማይጨርሱት ስላልገባቸው አይደለም። ስለዚህ ድጋፋችሁ ለትራንስፖርትና ለፈተና ሳምንት የልጅ ጥበቃም እንዲውል ብትፈቅዱ የተከፈለው ክፍያ ፍሬ ሳያፈራ አይቀርም።

አሁን ለጉባኤው ውሳኔ የምናቀርባቸውን ሦስት ሐሳቦች እናንብብ።

አንደኛ፣ የስፌት መኪናውና ትምህርቱ እንዳይጣሉ። የገቢ ማስገኛው ብድር እንደተለመደው ይቀጥል፤ ለትምህርት ድጋፍ ከሚመረጡት ውስጥ ግን በየዓመቱ ቢያንስ አንዷ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ እንድትማር ይሁን። ድጋፉን የምትቀበል ሁሉ ከተመረቀች በኋላ ለሁለት ዓመት በማኅበሩ የምክር ጠረጴዛ ያለ ክፍያ ለማገልገል ትፈርም። እኛ አሁን ያለነው ፈርመናል፤ ወረቀቱ ከጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የምክር ጠረጴዛው በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ይከፈት። ጠበቃ አይደለንምና ፍርድ ቤት ቆመን አንከራከርም። ግን የቀረበልንን ወረቀት እናነባለን፤ የይርጋውን ቀን እንቆጥራለን፤ የትርፍ ሰዓቱን እናሰላለን፤ ጉዳዩ ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፣ ወደ አስማሚ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ እንዳለበት እናመለክታለን። የወንድም የሴትም፣ የአባልም የአባል ጎረቤትም ጉዳይ ቢሆን በሩ ክፍት ይሁን።

ሦስተኛ፣ የቤት ሥራ ስምምነቱ በማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይግባ። የቤት ሠራተኛ ያላት አባል ሁሉ እስከሚመጣው ጉባኤ ድረስ ታስፈርም፤ አንዱ ቅጂ በሠራተኛዋ እጅ ይሁን። ቅጹ ከመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ከመቀመጣችን በፊት ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የምትሠሩት አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። የትም ብትሠሩ፣ ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን፣ የተስማማችሁበትን ደመወዝና ይህን የሚያውቅ የአንድ ሰው ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሥራ ያቆማችሁ ካላችሁ ያቆማችሁበትን ቀንም ጨምሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምራችሁ ሦስት ወር ቁጠሩ። ቀኑ የቀረበ ከሆነ ቅዳሜን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ እዚሁ ከእኛ ለአንዳችን ንገሩን።

 ጥያቄዎቻችሁን ለመመለስ ዝግጁ ነን።